የግራው ቡትስ

ዳላት ገና ሳይነጋ፣ ጉም ጥዱን እንደዋጠ፣
ኩርባው ላይ ናፍጣ ነበር፤ ጎማዬ አመለጠ።
የጫንኩት አበባ ሽቅብ ወደ ሰማይ፣
እኔ ቁልቁል፣ በደረቴ፣ ጠጠሩ ላይ።
ሠላሳ ክንድ ጎተተኝ፤ አስፋልት አያዝንም፤
የጃኬቱን ክርን በላ፣ የኔን ግን አልቀመሰም።
ሄልሜቴ እንደ ቅል ተሰነጠቀ በጎኑ፤
ስሜን ሲጠይቁኝ ግን ነገርኳቸው ከነቀኑ።

እግሬስ?
እግሬን ተዉት።
ነጠላ ጫማ ነበር ያጠለቀው፤
ቁርጭምጭሚቴን የሞተሩ ብረት ነው ያደቀቀው።
ቡትሱማ ቤት ነበር፣ ከነካርቶኑ፣ በር ሥር፤
እህቴ ንጉየት ስንት ቀሚስ ሰፍታ የገዛችው፣ በስንት ክር።
«ይሞቃል» አልኳት። «ለሁለት መታጠፊያ?» አልኳት።
ክሩን በጥርሷ ቆረጠች፤ ያን ቀን መልስ አልነበራት።

ስድስት ብሎን፣ አንድ ስስ ብረት፣ ዘጠኝ ሳምንት ጀሶ፤
ሌሊት በሩዝ መብያ እንጨት እፎክታለሁ፣ ትዕግሥቴ ፈርሶ።
የፊዚዮዋ ሴትዮ «አንድ» ትላለች፤ አንድ ማለት ጣቴን ማጠፍ፤
«ሁለት» ሳትል ላቤ ይወርዳል። ያ ሁሉ በሞተር መክነፍ!

ንጉየት ጃኬቱን ሰቀለችው፣ ከአልጋዬ ፊት ለፊት፤
ልብስ ሰፊ ሆና ክርኑን አልጣፈችውም፤ ተወችው፣ አፉን ክፍት።
ማታ ማታ ቀዳዳውን በጣቴ እለካዋለሁ፤
ይሄን ያህል ሥጋ ነበር፣ የኔ ነበር እላለሁ።

ዛሬ ካርቶኑን ከፈትኩ። ቀኙ ገባ፣ ልኬ ነው።
የግራውን ጭኔ ላይ አድርጌ ማሰሪያውን ፈታሁት፤
ያበጠ እግሬን አየሁት።
«ገና ነው» አለች ንጉየት፣ ከመርፌዋ ቀና ሳትል፤
«ጫማው እንደሆነ አይቸኩል።»