ጉጉፍቱ ላይ የተሞላ ቅጽ

አሥራ ሁለት ገጽ ቅጽ፣ አንድ እስክሪብቶ ይዤ
ጉጉፍቱ ላይ ቆምኩ በውርጩ ደንዝዤ።

«የመልክዓ ምድር ውበት፦ ከአምስት ስንት ያመጣል?»
ጉሙ ዓይኔን ጋርዶኛል፤ ምን ቁጥር ይወጣል?
ሦስት አልኩ፣ ለይሉኝታ።

አያ እንድሬ በዱላው ነጩን እየወጋ፦
«ገደሉ በዚህ ነው፣ ጅብራው እዚያ ጋ፤
ቀበሮይቱ ደግሞ ከቋጥኙ ሥር ናት፣
አይጥ ታደባለች።
አይታይህም እንዴ?»
አይታየኝም።
«አብሽር።»

«ማረፊያ፦» የለም ብዬ ጻፍኩ፣ እሱው ቤት አድሬ፣
በጦይብ መደብ ላይ፣ በበግ ለምድ ከብሬ።
ጦይብ የት እንዳደረ አልጠየቅኩም።
ቅጹም አይጠይቅም።

«የጎብኚ ብዛት፦»
«አምና ሁለት ፈረንጆች መጥተው ነበር» አለኝ፤
«አንዱ አለቀሰ። ምን እንዳየ እንጃ፣
ያኔም ጉም ነበረ።»
ይሄን በየትኛው ረድፍ ልጻፈው?

ድንገት ጉሙ በአንድ ጎኑ ተቀደደ፤
ታች፣ በጣም ታች፣ የገብስ ማሳ፣
አንዲት ቆርቆሮ ጣራ ብልጭ አለች፤
«መስጊዳችን!» ብሎ ሳይጨርስ
ተመልሶ ገጠመ።

እስክሪብቶዬን በትንፋሼ አሙቄ
ሦስቷን ሰረዝኳት። ሌላ ቁጥር አልጻፍኩም።
አያ እንድሬ በትከሻዬ ላይ አንገቱን አስግጎ፦
«ስንት ሰጠኸን?»