ስምንት ደቂቃ

የሥራ አማካሪው ጠየቀኝ፣ ቅጹን እያገላበጠ፣
«ሥነ ፈለክ» ያልኩት ቃል ላይ ብዕሩ እንደተቀመጠ፦
«ይኼ… ኮከብ ቆጠራው ነው?»
«አይደለም» አልኩት።
«እና ማን ይቀጥርሻል?» መልስ ሳጣ
መስኮቱን አየሁት።

ባጃጅ ያልፋል፤ ዘንባባው ሥር ሎሚ የምትሸጥ ሴት አለች፤
ከማዶ ጣና፣ እንቦጭ ለብሶ፣ አንዲት ጀልባ ታዛጋለች።
ማን እንደሚቀጥረኝ እንጃ፣ ለኔም አልመጣልኝም፤
ሰማይ ደመወዝ ሲከፍል አይቼ አላውቅም።

ሽምብጥ ነው የተከራየሁት፣ ከሐይቁ ትንሽ ፈንጠር ብሎ፤
ወሬ ከኔ ቀድሞ ገባ፣ ከበር በር ተንከባሎ፦
«እትዬ አንጓች ቤት ያለችው ልጅ ኮከብ ታያለች አሉ!»
በማግስቱ ደጃፌን ሰዎች ሞሉ።
አንዱ በሬው ጠፍቶበታል። ሌላው ሊያገባ ነው፣
የሷን ስም ከእናቷ ስም ጋር ደምሬ
ለዐሥራ ሁለት እንድገድፈው።

ዓሣ አጥማጁ ይመር ብቻ ነው ያልጠየቀኝ፤
አንድ ቆሮሶ በደንገል አንጠልጥሎ አቀበለኝ።
«መረቤን የምጥለው» አለ «አጥቢያ ኮከብ ሳትወጣ ነው፤
ከወጣች ዓሣው ያያል። አንቺስ፣
የምታጠምጂው ምንድን ነው?»
ከገጠመኝ ቃለ መጠይቅ ሁሉ ይኼ ነው የከበደው።

ምን ልበለው? ብርሃን ልበል? ከተነሣ ሺህ ዓመት ያለፈው፣
የላከው ቤት ይኑር ይፍረስ እንኳ ገና ያልታወቀው?
የግቢያችን ቴሌስኮፕ አንድ እግሩ ሰባራ ነው፤ በጡብ ቆሟል።
ሌሊት ስሌት ስሠራ ጉማሬ ከደንገሉ መሀል ያጉረመርማል፤
እሱም እንደኔ ነው፣ ሲመሽ ይሰማራል።

የጥምቀት ማግስት ማታ መብራት ሄደ። ከተማው «ኤጭ!» አለ፤
እኔ እልል ልል ምንም አልቀረኝ፤ ሰማዩ ቁልቁል ዘነበለ።
እትዬ አንጓች ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ ቀስ ብለው፤
ወረፋው ላይ አንድ ቀን እንኳ ያልታዩት እሳቸው።
«ሙሉነሽ» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።
ፎቶዋን ቲቪው አጠገብ አይቻለሁ፦
ቤሩት፣ ባሕር ዳር ቆማለች።
ሌላ ባሕር። ሌላ ዳር።
«ከደወለች ሦስት ወር ሆነ። ኮከቧን እይልኝ፣ ልጄ።
ደኅና ናት?»

መዋሸት ቀላል ነበር፤ ሁለት ቃል ነው፣ «ደኅና ናት»።

ጣቴ ግን ስልኬን ከፈተ። የሁለቱን ከተማ ኬንትሮስ ፈለግኩ፤
አንዱን ካንዱ ቀነስኩ፣ በአራት አባዛሁ፣
ወደ ስምንት ሲጠጋ ደነገጥኩ።
«እነዚያን ሦስቱን ያዩዋቸዋል? የተሰለፉትን?»
«አያቸዋለሁ።»
«አሁን አራት ሰዓት ነው፤ አናታችን ላይ ሊደርሱ ነው።
እሷ ዘንድ ከፍ የሚሉት ስምንት ደቂቃ ቆይተው ነው።
ደኅና መሆኗን አላውቅም፣ እትዬ። ይኼን አይነግሩኝም።
ቀና ካለች ግን ታያቸዋለች፤
ለማየትም ፊቷን ወደ ደቡብ ታዞራለች።
ደቡብ ማለት ለሷ… ወደዚህ ነው።»

የተደፋ ሳፋ ላይ ተቀመጡ።
«ስንት ሆነ?»
«ሦስት።»
ሐይቁ ዳር ውሻ ጮኸ።
«አሁንስ?»
«ሰባት።»
ስምንት ስል ብድግ አሉ፣ እንግዳ እንደገባበት ሰው፤
ነጠላቸውን አስተካከሉ። ምንም አላሉ።
እኔም ሰዓቴን ትቼ እሳቸውን አየሁ።

ኋላ መብራት መጣ፤ ሰፈሩ በደስታ ጮኸ፤ ሰማዩ ወደ ላይ ሸሸ።
«ይኼ ነው ሥራሽ?» አሉኝ።
«ይኼም ነው።»
«ደመወዙስ?»
«ነገ አራት ደቂቃ ቀደም ይላሉ» አልኳቸው፣ «እንዳያመልጥዎ።»
«ይኼን እሷ ታውቃለች?»

ቅጹ አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ «ቀጣሪ» የሚለው ባዶ።
በማግስቱ መብራት አልሄደም።
እትዬ አንጓች ግን ከኔ ቀድመው ወጥተው፣
የግቢውን አምፖል አጥፍተው
ጠበቁኝ።