ያላለቀ ፎቅ

ናክሶስ ለሦስት ሌሊት አልጋ ተከራየን፥
በአርጊሮ መስኮት ባሕሩን እያየን።
ከጣሪያዋ በላይ የዛገ ፌሮ ብረት
ጣት እንደ ቀሰረ ቆሟል ሠላሳ ዓመት።
«ሁለተኛው ፎቅ ነው» አለችን አርጊሮ፥
«ለልጃችን ብሎ ስትራቲስ ጀምሮ፤
ድንጋይ ጠራቢ ነበር፤ የሰው ደጅ ሲያሳምር
የእኛ ቤት መች አልቆ፥ ዘላለም ሲጀመር።»
ሳቀች። ከግድግዳው ፎቶው ግን አልሳቀም፤
መቼ እንደ ሞተ እኛም አልጠየቅንም።

በማግስቱ አውቶቡስ እየተጥመዘመዘ
(ሚስቴ ሎሚ አሸተተች፥ የኔም ዓይን ፈዘዘ)
ከአፖሎናስ በላይ፥ ከድንጋይ ማውጫው ጣለን።

ጢም ያለው ግዙፍ ሰው፥ ከአለቱ ሳይፋታ
በጀርባው ተጋድሟል፤ ፊቱም ገና አልተፈታ።
ሐውልት ሊሆን ነበር፤ ተሰነጠቀና
ጠራቢዎቹ ሄዱ፥ እሱ ይጠብቃል ገና።
ትኬት የለ፥ ዘብ የለ፤ የመንደሩ ልጆች
ሆዱ ላይ ተኝተዋል እንደ እንሽላሊቶች።
አንዱ፥ ፊት ጥርሱ የለም፥ ያኩሚስ ይባላል፥
«እናንተ አትርገጡት» አለን፥ «ቀን ቀን ይተኛል።»

ሜልቴሚ የሚሉት የበጋ ነፋስ
መርከቡን ከለከለ ከወደብ እንዳይደርስ።
እኔ ሰዓቴን አየሁ፥ አለቃዬን ፈራሁ፤
ትኬት ሻጩ «ምናልባት ነገ» ሲል ሰማሁ።
አርጊሮ ግን ወጣች ቅርጫት አንጠልጥላ፥
ከፌሮ ወደ ፌሮ ዘረጋች አንሶላ።
ነፋሱ ሲሞላው ግድግዳ አከለ፤
ሳሎኑ ተለየ፥ ጓዳው ተከለለ።
መቆንጠጫ በጥርሷ፥ በእጇ ጠራችን፤

በሌለው በር በኩል ጎንበስ ብለን ገባን።