ጉድጓድ ቁጥር አራት

ማሪት ሃውገን በዓመት አራት ጊዜ ትመጣለች፤
ነጯን መኪና ከተሰነጠቀው ሲሚንቶ ጠርዝ ታቆማለች።
ማደያ ነበረ ይህ ቦታ። ዛሬ ሣር ለብሷል፤
ከሣሩ መሀል ዘጠኝ የብረት ክዳን
እንደ ወደቀ ሳንቲም ተበትኗል።

ሊንድቫል ትባላለች፣ በሰሜን ዳኮታ ትንሽ ከተማ፣
ከሐዲዱ ዳር የቆመባት የእህል ማማ።
ሥራ የማይፈታባት ንፋሷ ብቻ ነው።

ጓንቷን ታጠልቃለች፣ ክዳኑን በመፍቻ ትከፍታለች፣
መለኪያ ገመዷን ወደ ጨለማው ትለቃለች።
ውሃውን ሲነካ ጢጥ ይላል፤
አሥራ ሦስት ጫማ ከሩብ፣ ትጽፋለች።
ከዚያ ፓምፑን አስነሥታ ውሃው እስኪጠራ ትቆማለች፣
ጡት የጠገበ ሕፃን እስኪያገሳ
ጀርባውን እያሹ እንደሚጠብቁት፣
ያለ ችኮላ፣ ያለ ወሬ።
ሦስት ብልቃጥ እስከ አፉ ሞልታ፣
አንዲት የአየር አረፋ እንዳትቀር ገልብጣ አይታ፣
በበረዶ ሣጥን ትደረድራለች፤
ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ስሟን ትጽፋለች።

ውሃው ንጹሕ ይመስላል። ችግሩም ይኸው ነው።
መርዙ መልክ የለው፣ ጥላ የለው፤
ሽታው ግን አለ፣ ክዳኑ ሲነሣ ለአንድ አፍታ፣
ቀጭን፣ ጣፋጭ፣ የድሮ ጋራዥ ትዝታ፤
ከሠላሳ ዓመት በኋላም ያልተኛ
በጠጠር መሀል የሚሄድ መንገደኛ።
ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል።
ይኼኛው አይስቅም። ዝም ብሎ ይወስዳል።

ከመንገዱ ማዶ፣ መስኮቱ ሥር፣ ኦርቪል ስቴንሩድ አለ፤
ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው።
ሠላሳ አንድ ዓመት ነዳጅ የቀዳ እጁ
ኩባያ ሲይዝ ይንቀጠቀጣል።
ማሪት በመጣችባቸው አሥራ አንድ ዓመታት
አንድም ቀን መንገዱን አልተሻገረም፤
እጁን ያነሣል፣ እሷም ታነሣለች፣ ከዚያ ያለፈ የለም።

ቁጥሮቹ ግን ለሪፖርቱ አልታዘዙም።
አንድ ወረደ። ሁለትም ወረደ። ስድስት ጠራ።
አራት ብቻ፣ በካርታው ላይ ምንም በሌለበት ሥፍራ፣
በረዶው በቀለጠ ቁጥር ይነሣል፣
እንዳልተሰማ ከሳሽ ድምፁን ከፍ ያደርጋል።
መዝገቡ «ሁለት ታንክ» ይላል፤
ሁለቱም ተቆፍረው ወጥተው
ለቁራሌው ተሽጠዋል።
መሥሪያ ቤቷም «ሁለት» ይላል።
ማሪት ከአራት ጋር ተሟግታ አታውቅም።

ዘንድሮ በሚያዝያ ሽማግሌው መንገዱን ተሻገረ፣
ከዘራ ይዞ፣ ባርኔጣውን ረስቶ።
ሰላም አላላትም።
ከፈረሰው ቢሮ መሠረት ተነሥቶ
እርምጃውን ቆጠረ፤ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ፤
ከጉድጓዱ አጠገብ ሲደርስ
መሬቱን በከዘራው መታ።
«እዚህ» አለ።

«ሦስተኛው። መጀመሪያ የትራክተር ናፍጣ ነበር፣
በኋላ ቤንዚን ሞላንበት።
በየማለዳው በዘንግ ስለካው ይጎድላል፤
አሥር ጋሎን፣ አንዳንዴም አሥራ ሁለት።
ተነነ ብዬ ጻፍኩ።
በጥር፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሆኖ፣
ምራቅ መሬት ሳይነካ በሚደርቅበት ብርድ፣
ተነነ ብዬ ጻፍኩ።»

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል፤
የብቅል ገብስ በባቡር በሚጫንበት በዚህ አገር እንኳ
ብቅሉን ውሃ ቀደመው።

«ወዴት ነው የሚሄደው?» አላት።
በእጇ ወደ ምሥራቅ አሳየችው፣
ወደ ጉንደርሰኖች ማሳ፣ ከዚያ ወዲያ ወደ ወንዙ።
«ፍጥነቱስ?»
«በቀን አንድ ጣት።»
ጣቶቹን አይቶ መቁጠር ጀመረ፤
ሁለተኛው እጅ ላይ ሲደርስ ተወው።

ማሪት አላጽናናችውም፣ አልወቀሰችውም።
በብርቱካንማ ቀለም ሣሩ ላይ መስቀለኛ አሰመረች።
«የሜትሩን ጫፍ ይያዙልኝ» አለችው።
ያዘ።
ሜትሩ በመካከላቸው ተወጠረ፣
ከሱ በኩል ግን ይንቀጠቀጥ ነበር፤
ስለዚህ ሁለት ጊዜ ለካች።