ባለጣቱ ትርንጎ

ይባቤ፣ ሁለት ጣት ወፍጮ የበላበት፣
ጓሮው ጥግ ተከለ አንድ እሾሃም እንጨት።
ሦስት ክረምት ጠብቆ፣ መስከረም ሲጠባ፣
ፍሬው ጣት አወጣ ከነጩ አበባ።
«ትርንጎ ነው» ቢልም ዘጌ አላመነውም፤
«እጅ ነው!» አለ ሰው፣ ደፍሮ አልነካውም።

በታንኳ አሻግሮ ባሕር ዳር ቢያወጣው፣
ሴቲቱ ጨመቀች፤ ጠብታ እንኳ አልወጣው።
«ለምንም አይበጅ!» ብላ
መለሰችለት።

አንጓች ግን ተቀብላ
ከሳጥኗ ከተተች፣ ከጥበቡ መሐል፤
እሑድ ነጠላዋ ቀድሟት ይሳለማል።

ማታ፣ ኩራዝ ሲጠፋ፣ አውጥታ ከሳጥን፣
ከባሏ መዳፍ ላይ ታስጠጋና ጣቱን
በዳበሳ ትቆጥራለች፦ «ዘጠኝ... አሥር... አሥራ አንድ...»

ይባቤ ይስቃል። «ከነወለዱ ነው» ይላል፣
እጁን ሲያሸት ያድራል።