ሁለት ፈቃድ

የሕመም ፈቃዴ ተሟጦ ሲያበቃ፣
ትምህርት ቤቱ ሸኘኝ፦ «ደህና ሁኚ፣ በቃ።»
በማግሥቱ ሄድኩኝ ወደ ቀበሌ ቢሮ፣
ሌላ ፈቃድ ልጠይቅ፣ የሚሆነኝ ለኑሮ።
«በጎ ፈቃድ» ይላል የቅጹ ራስጌ፤
የግድግዳው ቀለም ገና አልደረቀም፣
ቆሜ ሞላሁት ከደረጃው ግርጌ።
ጸሐፊው አንገቱን አወጣ በመስኮት፦
«በሳምንት ስንት ቀን? በቀንስ ስንት ሰዓት?»
«እሱን ሳንባዬን ጠይቀው» አልኩት።
«ስምዎ?»
«ስንዱ።
ሁልጊዜ ግን ስንዱ አይደለሁም፤ ይህንንም ጻፍልኝ።»
ሳቀ። አልጻፈም።

ቤቴ ሳሙና በር ነው። የሰፈሩ ስም ያሾፋል፤
የጎረቤት ሳሙና ሸትቶኝ ስንቱ ቀን በአልጋ ያልፋል።
በረኪናው፣ የባጃጅ ጭሱ፣ የሙሽራ አጃቢ ሽቶ፣
ጉሮሮዬን ይቆልፋል እንደ ባለቤት ገብቶ።
ሐኪሙ ግማሹን «አስም» አለው፣ ለግማሹ ስም አጣለት፤
እህቴ «የሰው ዓይን ነው» ብላ ጸበል ቀዳችለት፤
እኔ ስም አላወጣሁም፤ ቀን ብቻ ቆጠርኩለት፦
ይህ የመተንፈሻ ቀን፣ ይህ የመተኛ፣
ይህ ደግሞ ለይቶለት ያልታወቀ፣ ሦስተኛ።

መስኮቴን ክፍል አደረግኩት። ልጆቹ በውጭ፣ ከካቡ ድንጋይ፣
እኔ በውስጥ፣ ከመጋረጃው ወዲህ፣ ብዙም ሳልታይ።
ነፋስ ከጎሃ ሲወርድ እከፍታለሁ፣
ከአዘዞ መንገድ ሲነሣ እዘጋለሁ፤
ሌሊት ዘንቦ አቧራው የተኛ ለት
ፊደሉን ሳንጨርስ ይመሻል በድንገት።
አረንጓዴ ሻሽ ከፍርግርጉ ከታሰረ
«ዛሬ የለም» ማለት ነው፤ የመጣው ሁሉ ዞረ።
አንዳንድ ሳምንት ሻሹ አምስት ቀን ያድራል ሳይፈታ፤
ያኔ አፍራለሁ። ደሞዝ የሌለው ሥራም ለካ አለው ጌታ።
ተቆጣጣሪው አንዴ መጥቶ «የሰዓት መዝገብ?» አለኝ፤
ሽቶው ቀድሞት ገብቶ መልሱን ከአፌ ነጠቀኝ።

የአዛናው አባት መካኒክ ነው፤ ልጁ ናፍጣ ለብሶ መጣ፤
ደብተሩን ሲያቀብለኝ ትንፋሼ ከደረቴ ታጣ።
ቃል አልወጣኝም። እጄን አወዛወዝኩ፦ ራቅ።
እጅ ክፉ አስተርጓሚ ነው፤ የልብን አያውቅ።
ልጁ ራቀ። ደብተሩን በብብቱ፣ ዓይኑን በመሬት።
አልነበረም ሳሉ ያላስተኛኝ የዚያን ሌሊት።

ሐሙስ መጣ። ከመንገዱ ማዶ፣ አጥር ላይ ተሰቅሎ፣
«እትዬ ስንዱ፣ እዚህስ ይሸታል?» አለኝ ጮክ ብሎ።
ሳቅሁ። ሳልሁ። ሳቅሁ።
«አይሸትም» አልኩ።
ትንሽ ይሸት ነበር፤ ዋሸሁ።

ድምፄ ማዶ አይደርስም። እኔ በሹክሹክታ፣
ሐረገወይን ከካቡ ላይ ተቀብላ፣ ተራ በተርታ፣
ውኃ በጠፋ ሰሞን ጀሪካን እንደሚቀባበል ሰው፣
«ለ»ን ከአፍ ወደ አፍ ሰጠናት፣ ሳትፈስ እስክትደርሰው።

ዛሬ ሻሹ ታስሯል። ጎረቤት ቤቱን ቀለም ይቀባል፣
ሦስተኛ ቀኔ።
መድኃኒቴን በእጄ ይዤ፣ ተኝቼ በጎኔ፣
ከውጭ ድምፅ ሰማሁ፤
አዛናው ነው፣ ካጥሩ ላይ፣ ያስተምራል ያለ እኔ።
«መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ሜ...»
ልጆቹም ተከተሉት፦ «ሜ!»
ልጮህ አልቻልኩም።
እጄን ዘረጋሁ፣
የመስኮቱን እንጨት አንኳኳሁ፣
አንዴ።

ዝም አሉ።
አንድ ባጃጅ አለፈ።
ከዚያ ከማዶ፦
«ቆይ፣ ቆይ፣ ‹ማ› ቀረች» አለ፣
ከ«መ» እንደገና ጀመረ።