ከበድኩ እንጂ

ሴቱባል ወደብ ላይ፣ ዓሣ ቸርቻሪዋ፣
ኦዲልያ ናት፤ ሚዛን ነው እንጀራዋ።
ሰርዲን ስትመዝን ቀኑን ሙሉ ውላ፣
ለራሷም ለሰውም ቅንጣት ሳታደላ፣
ማታ መታጠቢያ ቤት፣ ጫማዋን አውልቃ፣
እሷ ትመዘናለች፣ ትንፋሿን አምቃ።
«ሰባ አንድ።»
ትናንትም ሰባ አንድ።

ድሮ ዳገቱ ግማሽ ላይ ቁጭ ትል የነበረች፣
ዘንድሮ ከግንቡ ደርሳ ባሕሩን ታያለች።
ይህን ያ ብልጭልጭ ቁጥር ከየት ያውቃል?

ዛሬ ጠዋት፣ በረዶ የሞላ ሣጥን፣
ሁለት ወንድ የሚያቃስትበትን፣
ከመኪናው እስከ መደቧ ብቻዋን ተሸከመች።
ዜፈሪኖ፣ ቢላውን እንደያዘ፣
አፉን ከፍቶ ፈዘዘ፤
«ቀለልሽ መሰለኝ?»
«ምን ሲደረግ! ከበድኩ እንጂ» አለች።

ማታ የሚዛኑን ሆድ እንደ ዓሣ ከፈተች፤
ባትሪውን አውጥታ ራዲዮዋ ውስጥ ከተተች።
ዜና ነበር።
ቢሆንም ጨፈረች።